ፊደልና ማተብ

የማናግራችሁ ከአሽኬሎን፣ ከባርኔአ ነው። ይሄ የዛሬው ክፍላችን ጽሑፍ ነው፤ ጆሮ ላይ ማድረግ የማይመቻቸው ታላላቆቻችን በዓይናቸው እንዲያነቡት ብለን እንደተነገረው አስቀምጠነዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ወሬውን ከሰፈር ልጀምር። ባርኔአ ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቶች መሀል፣ የጥንት የቢዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር በዚያ በኩል ስናልፍ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ እርምጃዋን ፈጠን ታደርግ ነበር። «ምነው ሳፍታ፣ ምን ሆንሽ?» ስላት፣ «ነይ እንሂድ ልጄ፣ የሚስዮን ቤት ነው» ትለኛለች። እስቲ አስቡት፤ ከሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ፍርስራሽ ነው። ከድመት በቀር ማንም የለበትም። ለአያቴ ግን ሚስዮን ነው።

እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ጠዋት በዕብራይስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማትናስ አማርኛ እየተማርኩ ያደግኩ ነኝ። ለእኔ ሚስዮን የታሪክ መጽሐፍ ቃል ነበር። ለእሷ የቤት ቃል ነው። ደንቢያ እያለች አባቷ ልጆቹን የሚያስጠነቅቁበት አንድ አነጋገር ነበራቸው፤ እሷም ለእኔ ብዙ ጊዜ ደግማልኛለች፦ «መጀመሪያ ፊደል ይሰጡሻል፤ ቀጥሎ ማተብ ያስሩልሻል።»

ታዲያ ባለፈው ዓመት ለጉብኝት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ቤት የእኔ እኩያ የሆነች ልጅ አለች። ስናወራ አንደኛ ደረጃን የተማረችው በካቶሊክ ትምህርት ቤት መሆኑን ነገረችኝ። አንገቷን አየሁ፤ ማተብ አለ። «ካቶሊክ ነሽ እንዴ?» አልኳት። ሳቀች። «ኧረ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ! ክፍላችን ውስጥ ሙስሊምም ነበረ፣ ጴንጤም ነበረ። ሒሳብ ሒሳብ ነው። ማተቤን ማንም አልነካብኝም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ሁለቱም የሌላ ሃይማኖት ሰዎች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም ቦታ ንባብና ሒሳብ ይሰጣል። አንዱ ለአያቴ ቤተሰብ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጥ ስም ሆነ፤ ሌላው ደግሞ ወላጆች ልጄን ተቀበሉልኝ ብለው የሚሰለፉበት ቤት ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው።

*መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ እንግባ*

ከታሪኩ በፊት ትምህርቱ ራሱ እንዴት ይሰጥ እንደነበር እንይ። በአገራችን በጥንቱ ሥርዓት ልጅ የኔታ ፊት ይቀመጣል። ሀ ሁ ሂ ይላል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ ዳዊት። ንባቡ ሁሉ በግዕዝ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ተራውን ጠብቆ ለብቻው ይቀጽላል፤ ሌሎቹ ደግሞ የየራሳቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ። የእኛም የቤተ እስራኤል ልጆች ከቄሱና ከደብተራው ዘንድ ኦሪቱንና ዳዊቱን የተማሩት በዚሁ በግዕዝ ነው። ልጁ አሳምሮ ያነባል፤ ያነበበውን ግን ሁልጊዜ አይረዳውም። ሒሳብ ደግሞ? እሱ የገበያ ትምህርት ነበር። አንጥረኛው ከአባቱ፣ ሸክላ ሠሪዋ ከእናቷ ትማረዋለች።

አውሮፓም ቢሆን ያን ያህል የተለየ አልነበረም። ልጅ ንባብ የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ በማይናገረው ቋንቋ። ይሄንን ልማድ ከቀየሩት ሰዎች አንዱ የፈረንሳዩ ካህን ዣን ባቲስት ደ ላ ሳል ናቸው፤ ከ1651 እስከ 1719 የኖሩ፣ የሬምስ ከተማ ሰው። ደህና ሀብት ካለው ቤተሰብ ተወልደው፣ ለድሀ ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፍቱ መምህራን ማኅበር አቋቋሙ። የላ ሳል ወንድሞች የሚባለው ማኅበር ይሄ ነው።

ያደረጉት ነገር ዛሬ ሲሰማ ተራ ይመስላል። አንደኛ፣ ንባብ በአፍ መፍቻ ቋንቋ በፈረንሳይኛ ይጀመር አሉ። ምክንያታቸው የድሀ ቤት ምክንያት ነው፤ የድሀ ልጅ ትምህርት ቤት ብዙ አይቆይም፣ አባቱ ቶሎ ለሥራ ይወስደዋል። በላቲን ከጀመረ ላቲኑንም ሳያውቅ፣ የራሱንም ቋንቋ ማንበብ ሳይችል ይወጣል። ሁለተኛ፣ ልጆችን በአንድ ላይ አስተማሩ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው በራሱ መጽሐፍ በዓይኑ ይከተላል፣ መምህሩ ድንገት «አንተ ቀጥል» ሊለው ይችላል። ሦስተኛ፣ ትምህርቱን በደረጃ ከፋፈሉት። ልጁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የፊደል ገበታ ይጀምራል፣ ፊደላቱ ወደተጣመሩበት ገበታ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ መጽሐፍ። ተፈትኖ ካላለፈ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ጽሕፈት የሚመጣው ንባቡ ከጸና በኋላ ነው። ሒሳቡ ደግሞ በዘመኑ ገንዘብ የሚሠራ መደመርና መቀነስ ነበር፤ ልጁ ነገ ሱቅ ሲቆም የሚጠቅመው።

ይሄን ሳነብ ማንን አስታወሰኝ መሰላችሁ? አባቴን። መርከዝ ክሊታ እያለ በማይገባው ዕብራይስጥ የሒሳብ ጥያቄ ይሰጠው ነበር። ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ጥያቄውን ነው የማያውቀው። በሚገባህ ቋንቋ ጀምር የሚለው ነገር ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብንም። በእነዚያ የፈረንሳይ ክፍሎች ከንባቡና ከሒሳቡ ጋር በየቀኑ ጸሎትና የሃይማኖት ትምህርት ነበር። ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትም ዓላማ እሱ ነው። ሁሉም ልጅ ካቶሊክ በሆነበት ከተማ ይሄ ማንንም አይከፋም። ችግሩ የሚመጣው ትምህርት ቤቱ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ ጸሎት ያለው ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ ነው። ያኔ ፊደሉንና ጸሎቱን መለያየት ይቻላል ወይ? ኢትዮጵያ ይሄን ጥያቄ ደጋግማ ሞክራዋለች።

*ከፍሬሞና እስከ ጎንደር*

የመጀመሪያው ሙከራ በጦርነት ነው ያለቀው። በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ካህን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ኢየሱሳውያን ማለት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በትምህርት ሥራቸው የታወቁ ማኅበር ናቸው። ፓኤዝ በአድዋ አቅራቢያ ፍሬሞና በሚባለው ቦታ ተቀመጠ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ልጆችንም አስተማረ። ትዕግሥተኛ ሰው ነበር ይባላል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን መቀበላቸውን በይፋ አሳወቁ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

ከእሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት አልነበረውም። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ አለ። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ለእኛም ያ ዘመን መልካም አልነበረም። የቤተ እስራኤል ኃይል በሰሜን ተራሮች የተሰበረው በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ነው።

«ፈረንጅ ሊያስተምር መጣ» ሲባል በኢትዮጵያ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ደወል ከዚያ የመጣ ነው።

ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1839 ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ የሚባሉ ጣሊያናዊ የላዛሪስት ማኅበር ካህን አድዋ ደረሱ። አቡነ ያዕቆብ ይባላሉ። እሳቸው የሜንዴዝን ስሕተት የተማሩ ይመስላሉ። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፣ የአገሩን ምግብ በሉ፣ ቅዳሴውንም በግዕዝ ሥርዓት ያዙት። አጋሜ ውስጥ ጓላ በሚባል ቦታ የአገሩን ወጣቶች የሚያስተምሩበት ቤት ከፈቱ። ታላቁ የጎጃም ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ከእሳቸው ጋር ሆኑ፤ በኋላም በእምነታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 ሞቱ። ያም ሆኖ ይሄ ትምህርት ቤት ካህን የሚያፈራ ትምህርት ቤት ነበር። አቀራረቡ ለሰለሰ እንጂ ፊደሉና እምነቱ አልተለያዩም።

*ወደ ደንቢያ፣ ወደ እኛ ቤት*

አሁን ወደ አያቴ ፍርሃት እንምጣ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፤ እኔም ይሄን ክፍል እስካዘጋጅ ድረስ አላውቅም ነበር። አያቶቻችን ዘንድ የመጡት ሚስዮናውያን ካቶሊኮች አልነበሩም። ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባ ሰው፣ አይሁዶችን ወደ ክርስትና ለማምጣት በለንደን በተቋቋመ ማኅበር ተልኮ መጣ። ዮሐን ማርቲን ፍላድ የሚባለው ጀርመናዊም በደንቢያ ጀንዳ ሥራውን ተከለ።

እንግዲህ ውሉን ልብ በሉ። አፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ፈቃዱን ሲሰጡ አንድ ሁኔታ አስቀምጠዋል። ሚስዮናውያኑ ቤተ እስራኤልን ቢያስተምሩም፣ የሚያምን ሰው ቢገኝ የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሡ ቤተ ክርስቲያኑን ጠበቀ። ጳጳሱ መንጋውን ጠበቀ። ሚስዮናዊው ፈቃዱን አገኘ። በዚያ ሦስት ማዕዘን ውል ውስጥ አንድም የእኛ ሰው አልፈረመም። እኛ የምንዋዋለው ሳይሆን የምንዋዋልበት ነበርን።

ለካ አያቴ «ፊደል ይሰጡሻል፤ ቀጥሎ ማተብ ያስሩልሻል» ስትል ምሳሌ መናገሯ አልነበረም። ቃል በቃል የሆነውን ነው። ፊደሉ ከፕሮቴስታንቱ፣ ማተቡ ከኦርቶዶክሱ።

በ1862 ካህናቶቻችን በቴዎድሮስ ፊት ቆመው ከሚስዮናውያኑ ጋር ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ደግሞ አባ ማሀሪ የሚባሉ መነኩሴ ብዙ ሺህ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር ተነሡ፤ ጉዞው አክሱም አካባቢ ቆመ፤ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። የጉዞው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የሚስዮኑ ግፊት ግን ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጠራል። ፈረንጆቹ ከአገር ከወጡ በኋላም ሥራው አልቆመም፤ የተጠመቁት የራሳችን ሰዎች ቀጠሉበት። አስተማሪው ዘመድ ሆነ ማለት ነው። ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ የተራበ ሰው ምን ምርጫ ነበረው?

ማርያም ወደድ የተባሉት ወገኖቻችን ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። ዛሬ ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ዓመታት የሚጠብቁ፣ እዚህ አሽኬሎን ወንድም ወይም እናት ያላቸው ሰዎች፣ «አያትህ ለምን ተጠመቁ?» እየተባሉ ይጠየቃሉ። በሌላ ሰው ውል ለተሰጠ ትምህርት የልጅ ልጅ ሂሳብ ይከፍላል።

ግን ታሪክ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ሚስዮንን ሊመክት ነበር የመጣው። ከዚያ ጉዞ ይዟቸው ከተመለሰ ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ናቸው። የት አገኛቸው? አስመራ፣ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ! በኋላ ፓሪስና ፍሎረንስ ተምረው፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት የመሩት እሳቸው ናቸው። የሚስዮን ፊደል ይዘው የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ፋይትሎቪችም ታምራትም የገባቸው ነገር ግልጽ ነው፦ ወላጅ «ሚስዮን አትሂድ» ቢል ብቻ በቂ አይደለም፤ ልጁ የሚሄድበት ሌላ ቤት ያስፈልጋል። በ1950ዎቹም በአስመራ የተጀመረው ትምህርት ቤትና በየመንደሩ የተከፈቱት፣ በ1955 እና በ1956 ወደ ክፋር ባትያ የመጡት ልጆች፣ ሁሉም የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

*ሐረር፦ የራስ ልጅ ሲማር*

በዚያው ዘመን፣ በሌላ የአገሪቱ ጫፍ፣ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። ሐረር ላይ እንድሬ ዣሮሶ የሚባሉ ፈረንሳዊ የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ነበሩ፤ ሕዝቡ አባ እንድርያስ ይላቸዋል። የሐረሩ ገዥ ራስ መኰንን ልጃቸው ተፈሪ ዘመናዊ ትምህርት እንዲማር ፈለጉ። ከአባ እንድርያስ ዘንድ ያደጉት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን የተፈሪ መምህር ሆኑ። ተፈሪ ፈረንሳይኛ ተማረ፤ ዓለምን አወቀ። በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ጀልባቸው ሰጥሞ አባ ሳሙኤል ሞቱ፤ ተፈሪ ተረፈ።

ልብ በሉ፤ ከካቶሊክ መምህራን የተማረው ያ ልጅ ኦርቶዶክስ ሆኖ አደገ፣ ኦርቶዶክስ ሆኖም ነገሠ። ማንም ማተቡን በጥስ አላለውም። ለምን? መምህራኑ ከጀንዳዎቹ ስለሚሻሉ ነው? ምናልባት ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ዋናው ነገር ግን የልጁ አባት ራስ መኰንን መሆናቸው ነው። የሐረርን ገዥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ውል አያወጣም፤ ውል ይቀበላል።

ያ ልጅ ይሄንን አልረሳም። በ1925 በስሙ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆነው፣ በ1944 ሚስዮኖች የሚሠሩበትን ደንብ አወጡ። ደንቡ አገሩን ለሁለት ከፈለው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል በሆነው ቦታ ሚስዮን ሐኪም ቤት ሊከፍት፣ ትምህርት ሊሰጥ ይችላል፤ የራሱን ሃይማኖት መስበክ ግን አይችልም። ክፍት በተባለው ክልል መስበክም ይፈቀዳል። የማስተማሪያ ቋንቋው ደግሞ በመሠረቱ አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። እንግዲህ ላ ሳል በፈረንሳይ በፈቃዳቸው ያደረጉትን፣ እዚህ የቤቱ ባለቤት በሕግ አዘዘ።

ደንቡ እንከን የለበትም እያልኩ አይደለም። የተጻፈው ለቤተ ክርስቲያኗ እንጂ ለእኛ አልነበረም። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆችም ሌላ ላቲን ነበር። ግን ፊደልን ከማተብ የሚለይ መስመር በወረቀት ላይ ተሰመረ።

*ቀሚሳቸውን ያወለቁት ካህናት*

በሚቀጥለው ዓመት በ1945 ንጉሡ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ ከካናዳ ሰዎች አስመጡ። እነማን መሰሏችሁ? ኢየሱሳውያን! በፋሲለደስ ዘመን የተባረረው ያው ማኅበር። ውሉ ግን አጭርና ግልጽ ነበር። ስብከት የለም። የካህን ልብስም አትለብሱም። እንደማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ክፍል ገቡ። መሪያቸው ሉሲየን ማት በተማሪዎቹ ዘንድ ዶክተር ማት ነበሩ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሳቸው ሆኑ።

አድማጮቼ፣ ይሄን ነገር ቆም ብላችሁ እዩልኝ። ያው ማኅበር ነው፤ ያው እምነት ነው። በ1625 ዳግመኛ ተጠመቁ ብሎ አገር አናወጠ። በ1945 ቀሚሱን አውልቆ ሒሳብና ሳይንስ አስተማረ። በመሀል ማኅበሩም ተለውጧል፣ ዓለሙም ተለውጧል። ዋናው ልዩነት ግን ውሉን ያወጣው ማን ነው የሚለው ነው።

በ1959 ደግሞ የላ ሳል ወንድሞች አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን ከፈቱ። ዛሬ በኢትዮጵያ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኛው ተማሪ ካቶሊክ አይደለም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጣል ይላል። አዲስ አበባ ያገኘኋት ልጅ ያጠናችው እንደ ማንኛውም የአገሯ ልጅ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ ነው። ከዚያ በላይ ምን ነበረ ብላት፣ «ሰዓት ማክበር፣ ደብተር በየቀኑ መታረም፣ ሳይገባሽ አለማለፍ» አለችኝ። የላ ሳል ሦስተኛው ነገር መሆኑ ነው፤ ሳትፈተን አታልፊም። ማተቧ አንገቷ ላይ የቀረው መምህራኑ ደግ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ከእሷ በፊት ውሉን ያወጣላት ሰው፣ በኋላም ሕጉን የጻፈላት አገር ስለነበረ ነው።

*እዚህስ?*

እነዚሁ የላ ሳል ወንድሞች እኛም አገር አሉ። ያፎ፣ ከአሽኬሎን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከ1882 ጀምሮ የፍሬር ትምህርት ቤት አለ። ሙስሊም፣ ክርስቲያንና አይሁድ ልጆች አብረው የሚማሩበት ነው። እዚያ ልጁን የሚልክ ወላጅ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደማይጠየቅ አውቆ ነው የሚልከው።

የእኛ ወላጆችስ? በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ ሲመጡ፣ የእስራኤል የትምህርት ሕግ ከ1953 ጀምሮ ወላጅ መደበኛውን ወይም ሃይማኖታዊውን የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲመርጥ ይፈቅድ ነበር። የእኛ ልጆች ግን ወላጅ ሳይጠየቅ ማለት ይቻላል ወደ ሃይማኖታዊው ተመሩ፤ ብዙዎቹም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት። ትላላችሁ፣ ታዲያ ይሄ የራሳችን ሃይማኖት አይደል? አዎ ነው። ግን እናቴ ከአባቷ የሰማችው ጸሎት በግዕዝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያገኘችው ሌላ ነው። ቄሶቻችን የሚያውቁት በዓል እዚያ አልነበረም። ስሟንም አንዲት መምህርት በአንድ ጠዋት በዕብራይስጥ ስም ለወጠችው። እናቴ ዛሬም የምትጠራው በዚያ ስም ነው። ዕብራይስጡን ተማረች፣ ሒሳቡን ተማረች፣ አመሰግናለሁ ትላለች። ዋጋውን ግን ማንም ቀድሞ አልነገራትም።

በ1985 ራባኑት የአይሁድነት ማረጋገጫ ጥምቀት ሲጠይቅ፣ ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም፣ በዋናው ራባኑት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ውል ማለት ምን እንደሆነ ግን ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር። ደንቢያ ላይ ያልተጠየቁትን፣ እዚህ ጠይቁን አሉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይሄን ነው። ፊደል ከማንም እጅ ይመጣል። ከካቶሊክ፣ ከፕሮቴስታንት፣ ከራባይ፣ ከመንግሥት። ታምራት አማኑኤልም ተፈሪም ከሌላ ሰው እጅ ተቀብለዋል። እጁ የማን ነው ብሎ መፍራት ብቻ ልጅን ያለ ፊደል ያስቀራል። የሚጠየቀው ውሉ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስትሄዱ፣ ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ እንኳ ልጃችሁ እየተረጎመ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄን ምን ታስተምሩታላችሁ? ያልገባው እንደሆነ በሚገባው መንገድ ማን ያስረዳዋል? በምትኩስ ከእሱ ምን እንዲተው ትፈልጋላችሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ወላጅ ያለው ልጅ፣ የራስ መኰንን ልጅ ነው።

ይሄን ክፍል ከመቅረጼ በፊት ለአያቴ የአዲስ አበባዋን ልጅ ታሪክ ነገርኳት። ካቶሊኮቹ ማተቧን እንዳልነኩባት፣ ሒሳብ ብቻ እንዳስተማሯት። ቡናዋን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች። «እሷማ የሚናገርላት ነበራት» አለችኝ። «እኛ ማን ነበረን?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ግን በዚያ ፍርስራሽ በኩል ስናልፍ ክንዷን ያዝኩና ቀስ ብለን ሄድን። አልሮጠችም።

እናንተም ከቤተሰባችሁ የሰማችሁት የትምህርት ቤት ታሪክ ካለ፣ የጀንዳም ይሁን የአምቦበር፣ የአስመራም ይሁን የአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን። ታላላቆቻችን እያሉ እንስማቸው። እስከሚቀጥለው ሳምንት፣ ሰላም ሁኑ።